አራት ደቂቃ ጨለማ

ዘሪቱ እንድሪስ የጓንጉል አሊጋዝን አርባ ሰባት ዓመት ወደ ሦስት ሰዓት ለማውረድ የተሰጣት አርባ ቀን ነበር። አርባ ቀን በዛ የሚል ካለ፣ አንድ ሰው ጫማውን ሲፈልግ፣ አውቶቡስ ሲጠብቅና ከጎረቤት ጋር ስለ ዝናብ ሲያወራ ያሳለፈውን ዘመን ቁጭ ብሎ ይየው። ዘሪቱ አይታዋለች። የሰው ልጅ ዕድሜውን በምን ይጨርሳል ብለው ሲጠይቋት «ጫማውን ሲፈልግ» ትል ነበር፤ ቀልድ የሚመስላቸው ይስቃሉ።

የሥራዋ መጠሪያ አሳጣሪ ነው። ደሴ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሰፈር እድር ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን ከሚያስቀምጥበት መጋዘን ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጥቷታል። አባል ሲሞት የእድሩ ሰዎች ምስክሩን ከአንገትጌው ላይ ፈትተው፣ በነጭ መሀረብ ጠቅልለው ያመጡላታል። ምስክር የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ናት። ከአርባ ሰባት ዓመት በፊት ስትመጣ ትልቁም ትንሹም ሰካት፤ አሁን ሰው ሰባት ዓመት ሲሞላው ይሰካታል፤ ከዚያ በኋላ እሱ ያየውን ታያለች፣ የሰማውን ትሰማለች። ጠዋት ፊቱን የሚታጠብ ሁሉ ምስክሩንም በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ሰዎች ሲገናኙ «ምስክርህስ?» ይባባላሉ፤ መልሱ «ይመስገን፣ ጥርት ብሏል» ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንደ ድሮው ሽማግሌ አይላክም፤ የማክሰኞው ምስል ይከፈትና ማን ምን እንዳለ ይታያል። እንዲህ ተደርጎ የታረቀ ባልና ሚስት ዘሪቱ አላጋጠማትም።

ምስክርን በመዳፍ መሸፈን ወንጀል አይደለም። ነውር ነው። ልጅ የሚመረቀው «የማትሸፍን ያድርግህ» ተብሎ ነው፤ የተጠረጠረ ሰውም «አልሸፈንኩም» ብሎ ይምላል።

በአርባኛው ቀን ድንኳን ይጣላል፤ ሰፈሩ ይሰበሰብና የሟቹ ሕይወት በሦስት ሰዓት ይታያል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል። ምልሰት ክልክል ነው። ቀደም ሲል አንዳንድ አሳጣሪዎች የሟቹን ክፋት አሳይተው፣ ወዲያው ወደ ልጅነቱ መልሰው ሲደበደብ እያሳዩ ሕዝቡን እያስለቀሱ ሌባውን ሁሉ ጻድቅ አድርገውት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ የሄደ አሳጣሪ ፈቃዱን ይቀማል።

ሟቹ ምስክሩን የሸፈነበት ጊዜ ከተገኘ ደግሞ መዝለል አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ደቂቃ ጥቁር ይታያል፣ ሰዓት ያልሞላ ሽፋን አይቆጠርም፤ ከዚያ የእድሩ ዳኛ ተነሥቶ «ይህን ጨለማ የሚያነጋ አለ?» ይላል። በዚያ ሰዓት ሟቹን ያየ ሰው የራሱን ምስክር ይዞ ይቀርባል፤ ወይም ጨለማው የጎዳው ሰው ተነሥቶ «ለእኔ ነግቷል» ይላል። ሁለቱም ካልሆነ ሥራው ይታሸጋል። ቤተሰቡ የሟቹን መልክም ድምፅም አያገኝም፤ ያልተቆረጠው ጥሬ ምስል ደግሞ ቢታሸግም ባይታሸግም በዚያው ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደመሰሳል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው አልነበረምና፣ መታሸግ ማለት ሁለተኛ መቀበር ነበር።

ጓንጉል አሊጋዝ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሸፍኖ ነበር። ያውም በአንድያ ልጁ ሠርግ ቀን።

ዘሪቱ በወጣትነቷ ፊልም ትቆርጥ ነበር። የምትቆርጠው ወንጀልና ምሥጢር ያለባቸውን፣ ተመልካቹ ወንበሩን ጨብጦ የሚያያቸውን ዓይነት ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት ምልሰት ታስገባለች፤ ሦስት ሰከንድ ብትሆን ነው። ተመልካቹም ሁለት ሰዓት ሙሉ ያየውን ሁሉ እንደገና በልቡ ማየት ይጀምራል። ምስክር ከመጣ በኋላ ያ ሁሉ ቀረ። የመጨረሻው ፊልሟ ሲታይ ገዳዩ ማን እንደሆነ መርማሪው ሲጨነቅ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «የሟቹን ምስክር ለምን አይከፍተውም?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በሳምንቱ መቁረጫዋን ሸጣ እድር ገባች። ምሥጢር የሌለበት አገር ምን ዓይነት የምሥጢር ፊልም ይሠራል?

የጓንጉል ልጅ ሐረገወይን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከኮምቦልቻ መጣች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ መሬት መቀየስ ነው። ከአባቷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገረችም። በሠርጓ ዕለት ሙሽራ እንደ ደንቡ የአባቷን ጉልበት ስማ ተመርቃ ልትወጣ ስትል የአባቷ ወንበር ባዶ ሆኖ ቆያት። ሲጠበቅ፣ ሲጠበቅ ቀረ፤ የአጎቷን ጉልበት ስማ ወጣች። በነጋታው ስትጠይቀው ዋናው የውሃ መስመር ፈንድቶ ሲጠግን እንደዋለ ነገራት። ጓንጉል የቧንቧ ሠራተኛ ነበርና ነገሩ የሚታመን ነበር። እሷ ግን አጣራች፤ በዚያ ቀን ደሴ ውስጥ የፈነዳ መስመር አልነበረም። «ምስክርህን ክፈትልኝ» አለችው። «ሸፍኜ ነበር» አላት። ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠችም።

ይህን ሁሉ ለዘሪቱ ስትነግራት ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ሌላውን እንደፈለጉ ያሳጥሩት» አለች። «እኔ የምፈልገው ያቺን አራት ሰዓት ነው። የት ነበር?»

ዘሪቱ የድሮ ሥራዋ ናፈቃት። አርባ ዓመት ሙሉ ምሥጢር ያለው ሰው አልሞተላትም ነበር፤ ይህ ትልቅ ኃጢአት እንደሆነ እያወቀች ደስ አላት። «አገኘዋለሁ» አለቻት። አፍ አውጥቶ ቃል መስጠት ቀላል ነው። በኋላ ብዙ የቆጨቻት ይቺ ቃል ናት።

መፈለግ የጀመረችው ፊልም ቆራጭ እንደምትፈልገው ነው። የሸፈነ ሰው የሚያሳፍር ነገር አለበት ብላ ተነሣች። ሴት? ጠርሙስ? ጠብ? ከሠርጉ በፊት ያለውን ወር ሁሉ ገለበጠችው። ያገኘችው ግን ጓንጉልን መስታወት ፊት ነው። ሰውየው ለሃያ ምናምን ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ የተሸበሸበ ጣቱን ዘርግቶ ምርቃቱን ይለማመዳል። «እንደ አብርሃም እንደ ሣራ…» ይልና ቀጥሎ ያለው ይጠፋዋል። ጢሙን ያሻሻል፤ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ጨርሶ ሳይሳሳት ወጣለትና ለመስታወቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ዘሪቱ ብቻዋን ሳቀች። እንዲህ የለፋ ሰው በቀኑ የሚቀረው ለምንድነው?

የሠርጉን ጠዋት ከፈተች። ጥር ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። ጓንጉል አዲስ ሱፉን ለብሶ ወደ ድንኳኑ ሊሄድ የግቢውን በር ሲከፍት አንድ ሰው ቆሟል። ዕድሜው ከእሱ እኩል ቢሆን ነው። እሱም ሱፍ ለብሷል፤ ምስክሩን ወልውሎ አንገትጌው ላይ ሰክቷል። ከላይኛው ጥርሶቹ መካከል ሰፋ ያለ ፍንጭት አለው። ሰውዬው ፈገግ አለና «የአባት ወንበር ላይ ልቀመጥ መጣሁ፤ ሐረገወይን እኮ የእኔ…» ሲል የጓንጉል መዳፍ መጣ። ጨለመ። በጨለማው ውስጥ ቧንቧ የሚያጠብቅበት ቃጫ ሲንኮሻኮሽና የመሣሪያ ሣጥን ክዳን ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፁም ጠፋ።

ሐረገወይን ስትናገር ጥርሷ መካከል ያለውን ፍንጭት ዘሪቱ አስታወሰች። ወደ ኋላ ሄደች። ለራሷ ወደ ኋላ መሄድ የከለከላት ደንብ የለም። ከዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ ጓንጉልን በጎልማሳነቱ፣ ገና ያላገባትን የሐረገወይንን እናት ይዞ ከጦሳ ተራራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሴትዮዋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። «እያወቅህ ነው?» አለችው። «እያወቅሁ ነው» አላት። ይኸው ነበር። ስለዚህ ነገር ሁለቱ በሌላ ቀን አልተነጋገሩም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ዘጉት።

ዘሪቱ ማሽኑን አጠፋች። አሁን ሁሉም ገባት። ጓንጉል ሰውዬውን ለሌላ ሰው አደራ ብሎ ሊያስይዘው አይችልም፤ የያዘው ሰው ምስክር ሁሉንም ይሰማዋል፣ በዚያ ሰው አርባ ላይም ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። የራሱም ምስክር ቢሰማ አንድ ቀን በራሱ አርባ፣ ልጁ ፊት ይነበባል። ስለዚህ ሁለቱንም ምስክር ቃጫ ውስጥ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈና ሰውዬውን ራሱ ይዞ ዋለ። ምን ብሎ ያዘው? ለመነው? አስፈራራው? አብረው በሉ? እነዚያን አራት ሰዓቶች ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቃቸውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ምስክሩ እንደገና ብርሃን አየ። ጓንጉል የአስፋልቱ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። የሙሽሮቹ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። በመስኮት በኩል የሐረገወይን ነጭ ልብስ ለአንድ አፍታ ታየ። ጓንጉል ያጨበጭባል፤ ማንም አላየውም። አስፋልቱ ላይ ከፊቱ የሁለት ሰው ጥላ ተጋድሟል። የጓንጉል ድምፅ «አየሃት። በቃ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፍንጭታሙ ሰው በጓንጉል ዘመን ውስጥ አንድም ጊዜ አልታየም።

የዘሪቱ ጣጣ ከዚህ ጀመረ። የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ብትናገር ጓንጉልን ለልጁ ትመልስላታለች፤ በዚያው እጇ ደግሞ «አባትሽ አይደለም» ብላ ትቀማታለች። ሰውየው አሥራ አንድ ዓመት የልጁን ጥላቻ ተሸክሞ የጠበቀውን ነገር እሷ በአንድ ከሰዓት ትበትነዋለች። ብትደብቀው ደግሞ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ሥራው ይታሸጋል፣ ሐረገወይንም እንደጠላችው ታረጃለች። ለአራት ቀን ያንኑ ጠዋት ስትከፍትና ስትዘጋ ሰነበተች።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን አንድ ነገር ትዝ አላት። በወጣትነቷ ከሥሯ ለሚማሩት «ምልሰት የሚገባው የተደበቀውን ለመናገር ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ቀድሞ ያየውን ነገር እንደገና እንዲያየው ለማድረግ ነው» ትላቸው ነበር። ሐረገወይን ስድስት ዓመቷ ወደነበረበት ሄዳ ስትፈልግ ዋለች። አመሻሹ ላይ የምትፈልገውን አገኘች። ቆርጣ ከአራቱ የጨለማ ደቂቃዎች መካከል አስገባችው። ፈቃዷን የሚያስቀማ ሥራ ነው።

የመታጠፊያውን ምስል ስትቆርጥ «አየሃት። በቃ» የሚለውን ድምፅ አወጣችው። ሁለተኛውን ጥላ ለመፋቅ አንድ ንክኪ ይበቃ ነበር፤ ጣቷ እዚያ ላይ አርፎ ቆየ። ተወችው። ፍንጭ ካላስቀመጡለት ተመልካችን መስረቅ ነው የሚል የድሮ አመሏ ሳይሆን አይቀርም።

የአርባው ዕለት ድንኳኑ ሞላ። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ኢብሬ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ነገር ሲቆርጡ ግን አንድ ቃል አያባክኑም። ሐረገወይን ከፊት ለብቻዋ ተቀመጠች። ሲጀመር ሰዉ ይንሾካሾክ ነበር። ጓንጉል የማንን ቧንቧ መቼ እንደጠገነ፣ ማን ምን እንዳለው፣ ሁሉም ራሱን በሟቹ ዓይን ሲያይ ይስቃል፣ ያፍራል። መስታወቱ ላይ ሲደርስ ሳቁ በረከተ። ሐረገወይን አልሳቀችም። ጓንጉል ለመስታወቱ እጅ ሲነሣ አንገቷን ደፋች።

ከዚያ የሠርጉ ጠዋት መጣ። በሩ ተከፈተ፤ የቆመ ሰው ከመታየቱ በፊት ጨለመ።

አንድ ደቂቃ ጥቁር ረጅም ነው። ሰዉ ማሳል ጀመረ። ሁለተኛው ደቂቃ አጋማሽ ላይ ከጨለማው ውስጥ የጓንጉል ድምፅ ወጣ፤ ወጣት ድምፅ ነው።

«አኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አለች አንዲት ሕፃን፣ ከሩቅ።

«አኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

ሰዉ ማሳሉን ተወ። ጓንጉል ድብብቆሽ ሲጫወት እንዳያጭበረብር የምስክሩንም ዓይን በመዳፉ ይሸፍን ነበር፤ ያ ጨለማ ነው ዘሪቱ ያመጣችው። ሕፃኗ «ነጋ!» ስትል መዳፉ ተነሣ። ብርሃን ሆነ። ስድስት ዓመት የሆናት ሐረገወይን ከውሃ በርሜል ጀርባ ጭንቅላቷን ብቻ ደብቃ፣ ቂጧ ውጭ ሆኖ ትቁነጠነጣለች። ጓንጉል በቀጥታ እያያት በርሜሉን አልፎ ሄደ። ጓዳ ገባ፣ አልጋ ሥር አየ፣ «የት ጠፋችብኝ?» እያለ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። እያወቀ የማያውቅ ሆኖ ዞረ። ከዚያ እንደገና ጨለመና ቀሪው ጥቁር አለቀ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። መኪኖቹ አለፉ። ጓንጉል መታጠፊያው ላይ ቆሞ ብቻውን አጨበጨበ።

ሐጂ ኢብሬ ሥራው እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዘሪቱን ለአፍታ አዩአት፤ ዘሪቱም ፈቃዷ እንዳበቃለት ገባት። እሳቸው ግን ወደ ሕዝቡ ዞረው የሚባለውን ብቻ አሉ። «ይህን ጨለማ የሚያነጋ አለ?»

ማንም ምስክሩን አልነካም። ሐጂ ማኅተሙን ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ሐረገወይን ተነሣች።

«ለእኔ ነግቷል» አለች።

ድንኳኑ ሲበተን ሐጂ በዘሪቱ በኩል አለፉ። ያ ድብብቆሽ በየትኛው ዓመት እንደነበረ ጠየቋት። ዘሪቱ የማሽኑን ገመድ መጠቅለል ቀጠለች። «እንግዲህ ጆሮዬ ድሮም ደካማ ነው፤ ዓይኔም እንደዚያው» ብለው ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ሐረገወይን አሥር ሰዓት ላይ የአሳጣሪዋን ክፍል አንኳኳች። የአባቷን የሦስት ሰዓት ሥራ በነጭ መሀረብ ጠቅልላ ይዛለች። ጥሬው ሊደመሰስ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ገብታ ተቀመጠች፤ ከዚያም በቀኝ መዳፏ ምስክሯን ሸፈነች። ዘሪቱ ደነገጠች። ሰው ፊቷ ሲሸፍን አይታ አታውቅም።

«ሁለት ጥላ ነበር» አለች ሐረገወይን። «እኔ ቀያሽ ነኝ እትዬ ዘሪቱ፤ ጥላ አያመልጠኝም። ከአባቴ ጋር የቆመው ማን ነው?»

ዘሪቱ መንገደኛ ይሆናል አለች። ውሸት በዚያ ዘመን የጠፋ ሙያ ነውና አላማረባትም።

ሐረገወይን አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ነገረቻት። እናቷ ከሠርጉ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ በዘመዶቿ አገር ሞታለች፤ አርባዋንም ያሳጠረው የዚያ አገር አሳጣሪ ነው፤ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ልጇን አስቀምጣ፣ ሁለቱም ሸፍነው፣ ጓንጉል እንዳልወለዳት ነግራታለች። «ማወቅሽን እንዳያውቅ፤ ይሞትብኛል» ብላ አስምላታለች። ሐረገወይንም አላሳወቀችውም።

«ወንበሩን ባዶ ሳየው ምን መሰለኝ መሰለዎት?» አለች። «ያልወለዳት ልጅ ጉልበቱን እንድትስመው ያልፈለገ መሰለኝ። በሰው ፊት አባት መባሉን የተወው መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጠላሁት በዚህ ነው።»

ዘሪቱ እንባዋ መጣ። አባትና ልጅ አንዱን ነገር፣ አንዱ ለሌላው ሲል፣ ሁለቱም ደብቀውት ኖረዋል፤ ደብቀውትም ተለያይተዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እያደር ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። በጣም አዘነችላቸው፤ በጓንጉል ደግሞ ትንሽ ተናደደችበት።

መስኮቱን ዘጋች። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሸፈነችው ዘሪቱ እንድሪስ ምስክሯን ከአንገትጌዋ ፈታች፤ በመሀረብ ጠቅልላ፣ የእድሩ ትልቅ ድስት ውስጥ ከታ ክዳኑን ገጠመችው። የሐረገወይንንም ተቀብላ ጨመረችው። ከዚያ ተመልሳ ከፊቷ ተቀመጠች።

«ወንበሩን ባዶ ያደረገው» አለቻት፣ «ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ነው።»

ቀጥላም ከድንጋዩ ጀምራ፣ በሩን፣ መዳፉን፣ መታጠፊያውን፣ «አየሃት፣ በቃ» የሚለውንም ሳይቀር ነገረቻት። በቅደም ተከተል አልነበረም፤ እየሄደች፣ እየተመለሰች፣ የረሳችውን እየጨመረች ነገረቻት። ሐረገወይን ሳታቋርጣት ሰማች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ጢሙን ያሻሽ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ያሻሽ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጥሬው ተደመሰሰ። ዘሪቱም አንድ ቀን ትሞታለች፤ ዘመኗን የሚያሳጥረው ሰው በዚህ ከሰዓት ላይ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ያገኛል። ይፈልግ።